ትንሽ የመኪና አደጋና ዘግይቶ የሚነሣ ሕመም

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ አልፎ፣ ሊማሊሞን በመውረድ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዓዲ አርቃይ የሚዘልቀው መንገድ በጣልያን ወረራ ዘመን ከገደሉ ወገብ ተጠርቦ የወጣ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። በዚህ መንገድ ላይ ታላቅ አደጋ በደረሰ ጊዜ ወሬው በአገር ሁሉ ይሰማል፤ ይለቀሳል፤ መዝገብም ይከፈትለታል። ትንሹ አደጋ ግን አልቃሽም ጸሐፊም የለውም። እኛ በዚህ ወር ልንጽፍ ያሰብነው ስለዚህ ስለ ትንሹ ነው፤ ምክንያቱም በቤተ ሰብ ላይ ሳይታሰብ ብዙ ጣጣ የሚያመጣው እርሱ ሆኖ ስለምናገኘው ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ በምሳሌ እንናገር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት በገበያ ቀን ከደባርቅ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ባጃጅ ገፍቶ ጣላቸው እንበል። ነጂው ወርዶ ያነሣቸዋል፤ የነጠላቸውንም አቧራ ያራግፋል። «እማማ፣ ተጎዱ ወይ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ደኅና ነኝ ልጄ፤ እመቤቴ አትርፋኛለች» ይሉታል። እርሱም ለቡና የምትሆን ጥቂት ብር በእጃቸው ያስጨብጣቸዋል። ከዚያ የቆመው ሰው ሁሉ ተመስገን ብሎ ይበተናል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ራሳቸውን ያማቸው ጀመር፤ ቀን ይተኛሉ፤ ቀኝ እጃቸው ስኒ መያዝ ያቅተዋል። ልጆቻቸው በመጀመሪያ እርጅና ነው ይላሉ፤ ኋላም ቡዳ ነው የሚል አይጠፋም። በመጨረሻ ጎንደር ሐኪም ቤት ሲደርሱ በራስ ቅላቸው ውስጥ ደም መጠራቀሙ ይነገራቸዋል። ልጆቹም ለሕክምናው ከብት ሸጠው ከተመለሱ በኋላ ባለ ባጃጁን ፈልገው ሲያገኙት፣ «ያን ዕለት ደኅና ነኝ አላሉምን? ገንዘብስ ተቀብለው አልሄዱምን?» ይላቸዋል። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በእርሱ አሳብ ነገሩ በዕለቱ አልቋል።

እንዲህ ያለው ነገር ለምን እንደሚሆን ከሐኪሞች ትምህርት ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። ሰው በደነገጠ ጊዜ ሰውነቱ ሕመምን የሚያደነዝዝ ኃይል ስለሚያወጣ፣ በአደጋው ሰዓት «ምንም አልሆንኩም» ማለቱ ውሸት አይደለም፤ በእውነት አይሰማውም። የአንገትና የወገብ ጅማት ሕመም የሚብሰው ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ነው። በሽማግሌዎች ላይ ደግሞ ትንሽ ግጭት እንኳ በአንጎልና በሽፋኑ መካከል ያለችውን ቀጭን የደም ሥር ሊበጥስ ይችላል፤ ደሙም በጠብታ ስለሚጠራቀም ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ይሆናል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ይህ ነገር ይበልጥ ያሠጋል።

ለእኛ ለደገኞቹ በተለይ መታወቅ ያለበት የጣፊያ ነገር ነው። ከዳባትና ከደባርቅ አካባቢ ብዙ ወጣት ለአጨዳና ለአረም ወደ ሑመራና ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ይመለሳል። እዚያም ወባ ወይም ካላዛር ይዞት የቆየ ሰው ጣፊያው ያብጣል። ያበጠ ጣፊያ ከደኅነኛው ይልቅ በቀላሉ ይቀደዳል፤ አንዳንድ ጊዜም በዕለቱ ተሰንጥቆ ከቀናት በኋላ ይፈነዳል። ስለዚህ ቆላ ወርዶ የነበረ ልጅ ከአይሱዙ ላይ ወድቆ በግራ ጎኑ ቢመታ፣ ሣቅና ጨዋታው እንደ ወትሮው ነው ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ቤተ ሰቡ ከአደጋ በኋላ ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት የሚመለከታቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው፤ እየጨመረ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ከልክ ያለፈ እንቅልፍ፣ የንግግር መጎተት፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መዛል። በሆድ በኩል ደግሞ በግራ ጎን ተነሥቶ ወደ ግራ ትከሻ የሚወጣ ሕመም፣ ማዞር፣ ላብና የፊት መገርጣት። ከእነዚህ አንዱ ቢታይ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ሕፃናት ሕመማቸውን መናገር ስለማይችሉ የልጅ ባሕርይ በድንገት መለወጡን፣ መነጫነጩንና መጥባት ወይም መብላት እምቢ ማለቱን እናት ከማንም ቀድማ ታውቃለች፤ እርስዋ «ልጄ ልክ አይደለም» ያለች እንደ ሆነ አባትየው ሳይከራከር ተነሥቶ ይሂድ።

ጸበል የሚገቡ ምእመናንም አሉ፤ ይገባሉም። ነገር ግን ጸበል ሐኪምን አይከለክልም፤ ሐኪምም ጸበልን አይከለክልም። ሁለቱን በአንድነት መያዝ የሚቻል ሲሆን፣ ብዙ ሰው ሁለት ሦስት ወር በጸበል ከርሞ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ይህም ከጤናው ሌላ በካሣውም በኩል ይጎዳዋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ሕመሙን የሚመሰክር አንድም የሐኪም ወረቀት አይኖረውምና።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ዘግይቶ ለተነሣ ሕመም ካሣ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፤ አደጋው መድረሱን፣ ሕመሙ መኖሩን፣ ሕመሙም ከዚያ አደጋ መምጣቱን። ሁለቱ ብዙ አያስቸግሩም። የሚያደክመው ሦስተኛው ነው። ባለ መኪናው «ሴትዮዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ በቤታቸው ወድቀው ቢሆንስ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ዳኛም ይጠይቀዋል። ለዚህ መልስ የሚሆነው በአደጋው ዕለትና በሚቀጥሉት ቀናት የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነው።

ከዚህም የተነሣ፣ ጉዳቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢመስል፣ ለትራፊክ ፖሊስ ማስታወቅ ይገባል። ፖሊሱ የቦታውን ንድፍ ያነሣል፤ የምሥክሮችን ስም ይጽፋል፤ የነጂውን መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ሊብሬ ይመለከታል። ፖሊስ በቅርብ በማይገኝበት እንደ ሊማሊሞ ባለ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ግን ተጎጂው ወይም አብሮት ያለው ሰው የሰሌዳውን ቁጥር ከነፊደሉ፣ የነጂውን ስም፣ ያዩትን ሰዎች ስምና ቀበሌ ይያዝ፤ በዛሬ ጊዜ በኪስ ስልክ ፎቶግራፍ ማንሣትም ለሁሉም ቀሏል። በመስተዋቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ምልክት ፎቶግራፍ ማንሣትም አይዘንጋ፤ መኪናው መድን የገባበትን ድርጅት የሚያመለክት እርሱ ነው።

ስለ ቀን አንድ ነገር እንጨምር። ብዙ ቤተ ሰብ አደጋውን «በሚካኤል ማግስት» ብሎ ያስታውሳል። ሚካኤል ግን በየወሩ አለ። ወሩና ዓመተ ምሕረቱ አብሮ ካልተጻፈ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ምሥክሮቹ አንዱ የጥቅምቱን፣ ሌላው የኅዳሩን ሊሉ ነው፤ ተከራካሪውም በዚህ ይጠቀማል።

በጤና ጣቢያም ሆነ በሐኪም ቤት የሚታከም ሰው ሕመሙን ብቻ ተናግሮ ዝም አይበል። «በዚህ ቀን በዚህ ቦታ መኪና ገጭቶኛል» ብሎ ይናገርና በካርዱ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቅ። ይህችን አንዲት መስመር ያላስጻፈ ሰው ኋላ ስንት ምሥክር ቢያቆም ጉድለቷን አይሞላም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ምክንያት መንገድ በየጊዜው ሲዘጋ ስለ ታየ፣ ጎንደር ለመድረስ ያልቻለ በሽተኛ በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ ታይቶ ካርድ ያውጣ፤ የዘገየበትንም ምክንያት ያስጽፍ። የራጅ ፊልም፣ የመድኃኒት ማዘዣና የክፍያ ደረሰኝ፣ ለመኪናና ለማደሪያ የወጣውም ጭምር በአንድ ላይ ታስሮ ይቀመጥ። ጉዳቱ የማይድን ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ፣ የሐኪሞች ቦርድ ሰውዬው ከመሥራት አቅሙ ምን ያህል እጅ እንዳጣ በመቶኛ ወስኖ ይጽፋል፤ ካሣው የሚሰላው ይህንም በማየት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙዎችን ወደ ኋላ የሚይዛቸውን የኅሊና ነገር እናንሣ። በአገራችን ካሣ መጠየቅ እንደ ስስት የሚቆጠርበት ቦታ ጥቂት አይደለም። «ይቅር ለእግዚአብሔር ካልኩት በኋላ እንዴት ብዬ እጠይቀዋለሁ?» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። አሳባቸው የተከበረ ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ይዟል። ይቅርታ ቂምን ያጠፋል፤ የሐኪምን ዋጋ ግን አይከፍልም። በኦሪት ዘጸአት በ21ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ሕግ ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ በጠብ ተመትቶ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ከሞት ተርፎ በምርኩዝ መሄድ ቢጀምር፣ መቺው ከሞት ፍርድ ይድናል፤ ሥራ ስለ ፈታበት ጊዜና ስለ መታከሚያው ግን እንዲከፍል ታዟል። በወንጌል ያለው ደጉ ሳምራዊም ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ ብቻ አልሄደም፤ ከዚያ በላይ የሚወጣውን ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል ገብቷል። ቁስል በአንድ ቀን ሒሳብ እንደማይዘጋ ያ ሰው ዐውቆ ነበር።

የሽምግልናውም ነገር በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። እኛ ሽምግልናን እናከብራለን፤ በደባርቅም ሆነ በዳባት ገጠር ዳኛ ያልፈታውን የፈታ እርሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሽማግሌዎቹ ቸኩለው በሳምንት ውስጥ ነገሩን ሲዘጉት፣ ከዚያም አንድ ጸሐፊ ወረቀት አምጥቶ «ከእንግዲህ ወዲህ ስለዚህ አደጋ ምንም ዓይነት ጥያቄ አላነሣም» የሚል ቃል አስገብቶ ሲያስፈርም ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዘንድ በሁለቱ ወገን ፈቃድ የተደረገ የዕርቅ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ማንበብ የማይችሉ እናት በጣታቸው አሻራ ያተሙት ያ ወረቀት በሦስተኛው ሳምንት በሩን ሊዘጋባቸው ይችላል ማለት ነው።

ስለ ሆነም ሽማግሌ የሚሆኑ አባቶችን፣ በተለይም በየቤቱ ለዕርቅ የሚጠሩትን የንስሐ አባቶች፣ በትሕትና የምንለምነው ይህን ነው። ተጎጂው በሐኪም ታይቶ ጉዳቱ ሳይታወቅ የመጨረሻ ዕርቅ አይጻፍ። ገንዘብ በዕለቱ ቢሰጥ በወረቀቱ ላይ «ለመጀመሪያ ሕክምና የተሰጠ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከአደጋው የተነሣ ኋላ የሚገለጥ ጉዳት ቢኖር ባለ መኪናው ኃላፊ መሆኑ በግልጥ ይግባበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ ባለ መኪናውም ስንት እንደ ከፈለና ለምን እንደ ከፈለ ማስረጃ ያገኝበታልና። የሰላም ምልክት ሆኖ እጅ መጨባበጡና መሳሳሙ ግን በዚያው ዕለት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ የሐኪም ወረቀት አያስፈልግም።

ሕጉ ምን እንደሚል በአጭሩ እንመልከት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደ ሆነ ይደነግጋል፤ መኪናውን ይነዳ የነበረው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። እንግዲህ እግረኛ የተገጨ እንደ ሆነ የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ባለቤቱ ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ሲያስረዳ በሙሉ ወይም በከፊል ነፃ ሊወጣ ይችላል። ነጂው በወንጀል ተከሶ ነፃ ቢወጣም የካሣው ጥያቄ በዚያው አይሞትም። በቁጥር 2092 ደግሞ ወደ ፊት መድረሱ የተረጋገጠ ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሣ ሊከፈልበት እንደሚችል ተጽፏል፤ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልገው ሐኪም ያረጋገጠለት ሰው ይህን ያስታውስ። በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ተሳፍሮ የተጎዳ ሰው ጥያቄ የሚያቀርበው በማጓጓዝ ውል ስለ ሆነ በንግድ ሕጉ ይዳኛል፤ ስለዚህ ቲኬቱን አይጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው የጊዜው ነገር ነው። በቁጥር 2143 መሠረት ተጎጂው ክሱን ማቅረብ ያለበት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ነገሩ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ሕግ ከዚህ የረዘመ ጊዜ የወሰነለት እንደ ሆነ ያ የረዘመው ይሠራል። ሕመሙ ዘግይቶ ሲገለጥ «ጉዳቱ የደረሰው መቼ ነው?» ብሎ ጠበቃ ከጠበቃ ሊከራከር ይችል ይሆናል፤ አስተዋይ ቤተ ሰብ ግን በዚህ ክርክር ላይ ተስፋውን አይጥልም፤ ከአደጋው ዕለት ይቆጥራል። ሁለት ዓመት ረጅም ይመስላል። አንድ ዓመት በሕክምና፣ ስድስት ወር «ከፋሲካ በኋላ፣ ከመኸር በኋላ» በሚል የሽማግሌ ቀጠሮ ሲያልፍ ግን ምን ያህል እንደሚቀር ቍጠሩት። የሽማግሌ ቀጠሮ የሕጉን ቀን ያቆምልኛል ብሎ መታመን አይገባም፤ ሽምግልናው እየቀጠለ አቤቱታውን ማስገባት ይቻላል፤ ዕርቅ ሲወርድ ደግሞ በፍርድ ቤቱ ፊት ይመዘገባል።

ስለ መድንም እንናገር። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለ ሞተር ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖረው በመንገድ ላይ መንዳት የተከለከለ ነው፤ ባጃጅም ከዚህ ውጪ አይደለም። አዋጁ በወጣ ጊዜ የመድን ድርጅቱ ለሞት ወይም ለአካል ጉዳት የሚከፍለው እስከ 40,000 ብር ነበር። እንዲህ ያለው መጠን በደንብ የሚለወጥ ነገር ስለ ሆነ፣ በሥራ ላይ ያለውን ልክ ከመድን ድርጅቱ ጠይቆ መረዳት ይገባል። ጉዳቱ ከመድኑ ልክ የበለጠ እንደ ሆነ ቀሪው በባለቤቱ ላይ ይጠየቃል እንጂ በዚያው አይቀርም። ገጭቶ ያመለጠና ያልታወቀ፣ ወይም መድን ያልነበረው መኪና ለሚያደርሰው የአካል ጉዳት ደግሞ የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ይህን ፈንድ የሚያውቀው ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ በየሰበካው ቢነገር መልካም ነበር።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ባጃጅና አይሱዙ ያላቸው እንዳሉ እናውቃለን፤ እነርሱንም አንዘነጋም። ባለ መኪናው አደጋው ትንሽ ነው ብሎ ለመድን ድርጅቱ ሳያስታውቅ በሽማግሌ ቢስማማ፣ ኋላ ትልቅ ካሣ ሲመጣበት ድርጅቱ «ሳላውቀው ተስማምተሃል» ብሎ ሊከራከረው ይችላል። ሳይውል ሳያድር ያስታውቅ፤ ተጎጂውንም ራሱ ሐኪም ቤት ያድርስ። ይህ መልካም ሥራ ብቻ አይደለም፤ በዕለቱ የነበረው ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ ስለሚጻፍ፣ የቆየ የወገብ ሕመሙን በአደጋው ላይ ለመጫን ከሚፈልግ ሰውም ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው የለም ብለን ራሳችንን አናታልልም፤ አለ፤ በእርሱም ምክንያት እውነተኛው በሽተኛ ሳይታመን ይቀራል።

በመጨረሻ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ግድ የሆነበት ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የጭነት መኪናው ባለቤት በአዲስ አበባ ቢኖር፣ በድብ ባሕር የተገጨ ገበሬ አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት አይገደድም፤ አደጋው በደረሰበት አገር ባለው ፍርድ ቤት ለመክሰስ ይፈቀድለታል። የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው ድኽነቱን በማስረጃና በመሐላ አረጋግጦ በድኻ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ለችግረኞች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከቤቱ ሲነሣ የፖሊሱን ወረቀት፣ የሐኪም ካርዱን፣ ደረሰኞቹን፣ ከባለ መኪናው ጋር የተፈራረመው ነገር ካለም ያንን ሳያስቀር ይያዝ፤ ጠበቃው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ያንን የመጨረሻውን ነው።